ኢብን ሲና፦ የቁርጠትን መጽሐፍ በእስር ቤት የጻፈው ሐኪም



የኢብን ሲናን ስም ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። በየኮንፈረንሱ፣ በየፖስተሩ ላይ የሙስሊሞችን የዕውቀት ዘመን ስናነሳ መጀመሪያ የምንጠራው እርሱን ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ዝናው እንጂ ስለ ሕይወቱ አይደለም። ስለዚህ በዚህ እትም ሕይወቱን በአንድ ክር ይዘን ልናልፍበት ወደድን፤ ክሩም አንጀት ነው። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ይህን ሰው ለሹመት ያበቃው የአንድ አሚር የአንጀት ሕመም ነው፤ ወታደሮች ሊገድሉት ሲፈልጉት ከተደበቀበት ያወጣውም ያው ሕመም ነው። በእስር ቤት ሆኖ መጽሐፍ የጻፈው ስለዚሁ ሕመም ነበር። በመጨረሻም ራሱን የገደለው እርሱ ነው።

አቡ ዐሊ አልሑሰይን ኢብን ዐብዲላህ ኢብን ሲና የተወለደው በ370 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ980 ገደማ፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በምትባለው አገር በቡኻራ አቅራቢያ አፍሻና በተባለች መንደር ነው። አባቱ የበልኽ ሰው ሲሆን በሳማኒዶች መንግሥት የአስተዳደር ሥራ ነበረው። እናቱ ሲታራ ትባላለች። ቤተሰቡ ወደ ቡኻራ ከገባ በኋላ ልጁ ቁርኣንን ተማረ፤ 10 ዓመት ሲሞላው ቁርኣንን ሐፍዞ፣ ከሥነ ጽሑፍም ብዙ ይዞ ነበር። የሕንዶችን ሒሳብ እንዲማር አባቱ የላከው ወደ አንድ አትክልት ሻጭ ነው። ፊቅህን ኢስማዒል አዝ-ዛሂድ ከተባሉ ዓሊም ተማረ። ሎጂክንና ጂኦሜትሪን ያስጀመረው አን-ናቲሊ የሚባል መምህር ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተማሪው መምህሩን ቀደመው።

ሕክምናን ግን ያስተማረው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ራሱ መጻሕፍቱን እያነበበ፣ ሕመምተኞችንም እያየ ነው የተማረው። ሕክምና ከባድ ከሚባሉት ትምህርቶች አንዱ እንዳልሆነ ጽፎ አልፏል። (የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን ስታነቡ ምን እንደሚሰማችሁ እናውቃለን።) በ16 ዓመቱ ሌሎች ሐኪሞች እርሱ ዘንድ መጥተው ያነቡ ነበር። ያስቸገረው ሕክምና ሳይሆን የአርስቶትል ሜታፊዚክስ ነበር። አርባ ጊዜ ደጋግሞ አንብቦ በቃሉ እስከሚያውቀው ድረስ ቢደርስም አልገባውም። ተስፋ ቆርጦ ሳለ አንድ ቀን ከዐስር በኋላ በመጽሐፍ ሻጮች ገበያ ሲያልፍ አንድ ደላላ በሦስት ዲርሃም ግዛኝ ብሎ ለመነው። የማይጠቅም መስሎት መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ ገዛው። መጽሐፉ አልፋራቢ የአርስቶትልን ዓላማ ያብራራበት ሆኖ ተገኘ። ቤቱ ገብቶ ሲያነበው የተቋጠረው ሁሉ ተፈታለት። በማግስቱ ለአላህ ምስጋና ብሎ ለድሆች ብዙ ሰደቃ ሰጠ። አንድ ጥያቄ ሲከብደው ወደ መስጊድ ሄዶ ሰላት ሰግዶ መፍትሔውን ከጌታው ይለምን እንደነበርም ራሱ አስፍሯል።

የሳማኒዱ አሚር ኑሕ ኢብን መንሱር ታሞ የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች ሲቸገሩ ወጣቱ ኢብን ሲና ተጠራ። በዚህ ምክንያት የአሚሩ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተለት፤ ክፍል በክፍል የተከፋፈለ፣ በየክፍሉ ሣጥን በሣጥን ላይ የተደረደረ መጽሐፍ። ከዚያ በፊት ስማቸውን እንኳ ያልሰማቸውን መጻሕፍት አነበበ። 18 ዓመት ሲሞላው በዘመኑ የነበሩትን ትምህርቶች ጨርሷቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ስደት ነው። አባቱ ሞተ፤ የሳማኒዶች መንግሥት ወደቀ። ከቡኻራ ወደ ጉርጋንጅ፣ ከዚያ በነሳና በጡስ በኩል እስከ ጁርጃን ተንከራተተ። በጁርጃን አቡ ዑበይድ አልጁዝጃኒ የሚባል ተማሪ ተቀላቀለውና እስከ ሞቱ ድረስ ለ25 ዓመታት ገደማ አልተለየውም። ስለ ኢብን ሲና የምናውቀውን አብዛኛውን የምናውቀው በዚህ ሰው በኩል ነው። የልጅነቱን ታሪክ ኢብን ሲና ራሱ ነገረው፤ የቀረውን አልጁዝጃኒ አይቶ ጻፈው። ሐቀኛ ጸሐፊ ነው፤ የመምህሩን ጉድለት አይደብቅም። በሕክምና ታሪክ ዝነኛው አልቃኑን ፊጥ-ጢብ የተጀመረውም በጁርጃን ነው።

ወደ አንጀቱ ጉዳይ የምንገባው ሐመዳን ላይ ነው። የከተማዋ አሚር ሸምሱ-ድደውላ ዓረቦች ቁለንጅ የሚሉት ሕመም ይዞት ነበር። ቁለንጅ የሚለው ቃል የመጣው ቁሉን ከሚለው የትልቁ አንጀት ስም ነው፤ አንጀት ሲታሰርና ሲነፋ የሚመጣ ከባድ ቁርጠት ማለት ነው። ኢብን ሲና አርባ ቀንና ሌሊት አሚሩ ዘንድ ሆኖ አከመው፤ አሚሩም ተሻለው። ሐኪሙ በብዙ ስጦታ ታጅቦ የአሚሩ ባለሟል ሆነ፤ ቀጥሎም ወዚር ተባለ።

ሹመቱ ግን አላማረበትም። ወታደሮቹ ለራሳቸው ሰግተው ተነሱበት፤ ቤቱን ከበቡ፣ ንብረቱን ዘረፉ፣ እርሱን ይዘው አሰሩት። እንዲገደልም አሚሩን ጠየቁ። አሚሩ መግደሉን እምቢ ብሎ ከሥልጣን ብቻ አነሳው። ኢብን ሲና በአንድ ወዳጁ ቤት አርባ ቀን ተደበቀ። በዚህ መሀል የአሚሩ ቁርጠት ተመለሰበት! ሐኪሙ ተፈልጎ መጣ፤ አሚሩ ይቅርታ ጠየቀው፤ ካከመው በኋላ ሁለተኛ ወዚር አደረገው። አንድ አንጀት የአንድን ሰው ዕጣ እንዲህ ሲያገላብጥ ማየት ይገርማል።

ቀን ቀን የመንግሥት ሥራ ስለነበረበት መጽሐፍ የሚጻፈው ሌሊት ነበር። ተማሪዎቹ ማታ ቤቱ ይሰበሰባሉ፤ አልጁዝጃኒ ከአሽ-ሺፋእ ያነባል፣ ሌላው ከአልቃኑን ያነባል፤ በየተራ ነው። አልጁዝጃኒ ትምህርቱ ሲያበቃ ዘፋኞች ይመጡና የመጠጥ ማዕድ ይቀርብ እንደነበር ጽፏል፤ ኢብን ሲና ራሱም በወጣትነቱ ሌሊት ሲያነብ እንቅልፍ ሲጥለው ይጠጣ እንደነበር ነግሮታል። ይህን ዘለን ማለፍ እንችል ነበር። ነገር ግን የሙስሊሞችን ታሪክ ለማስዋብ ብለን የምንቆርጥ ከሆነ ሌላው የምንለውም አይታመንም። ኢማም አልገዛሊም (አላህ ይዘንላቸው) እ.ኤ.አ. በ1095 ባጠናቀቁት ተሃፉቱል ፈላሲፋ በተባለው መጽሐፋቸው በፈላስፎቹ ላይ፣ በተለይም በኢብን ሲና ላይ፣ በሦስት የዐቂዳ ጉዳዮች ብርቱ ብይን ሰጥተዋል፦ ዓለም ጥንታዊ ነው በማለታቸው፣ አላህ ዝርዝሩን ነገር የሚያውቅበትን ሁኔታ በገለጹበት መንገድ እና የአካልን ትንሣኤ በተመለከተ። እኒሁ ኢማም ታዲያ ሃይማኖት የሕክምናን ዕውቀት መካድን እንደማይጠይቅ ጽፈዋል። እኛም ሁለቱን ለይተን እንይዛለን።

አሁን ስለ አካሉ ዕውቀት እንነጋገር፤ አንድ ጉርሻ በኢብን ሲና መጽሐፍ ውስጥ እንዴት ትጓዛለች?

ጉዞው የሚጀምረው ከአፍ ነው። የምግብ መፈጨት ማኘክ ላይ እንደሚጀምር በአልቃኑን ውስጥ ጽፏል። ማስረጃው ግሩም ነው፦ የታኘከ ስንዴ እባጭ ላይ ቢደረግ እባጩን ያበስለዋል፤ በውኃ የተፈጨው ወይም የተቀቀለው ስንዴ ግን ይህን አይሠራም። ስለዚህ አፍ ውስጥ ስንዴውን የሚለውጠው ነገር መፍጨቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ በምራቅ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ስታርችን ወደ ስኳር የሚሰባብር ኢንዛይም እንዳለ እናውቃለን። ኢብን ሲና ኢንዛይም የሚባል ነገር አያውቅም፤ እባጩን ስላበሰለው ነገር የሰጠው ማብራሪያም የኛ ዓይነት አይደለም። የጠየቀው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነበር።

ጉርሻዋ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚረዝመው የምግብ ቧንቧ ወርዳ ጨጓራ ትገባለች። እርሱና ከእርሱ በፊት የነበረው ግሪካዊው ጋለን ጨጓራን እንደ ድስት ነው ያዩት፤ የሰውነት ሙቀት፣ በአጠገቡ ያሉት ጉበትና ሌሎች አካላት እንደ እሳት ሆነው ምግቡን ያበስላሉ ብለው አሰቡ። ከብስሉ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ከይሉስ ተባለ። እዚህ ላይ ድስቱን ትተን አሲዱን መውሰድ አለብን። ጨጓራ ምግቡን የሚያልመው በጠንካራ አሲድና ፕሮቲን በሚሰባብር ኢንዛይም ነው፤ ጡንቻዎቹም እንደ ሊጥ ያሹታል። ራሱን ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው የውስጥ ግድግዳውን በሚሸፍነው ንፍጥ መሰል ልባስ ነው። በዶርማችን ጨጓራ አለብኝ የማይል ሰው ስለማይገኝ ይህን ልባስ ማወቁ አይከፋም፤ ሲጎዳ ነው ቁስሉ የሚመጣው።

ከጨጓራ በታች ኢብን ሲና አንጀቱን በስድስት ይከፍለዋል፤ ዓረብኛ ለምታውቁ ስሞቹ ራሳቸው ትምህርት ናቸው። የመጀመሪያው ኢሥና ዐሸሪ፣ ማለትም ባለ አሥራ ሁለቱ ነው፤ ርዝመቱ በባለቤቱ ጣት አሥራ ሁለት ጣት ስለሚሆን። ሁለተኛው ሳኢም ይባላል። አዎ፣ ጾመኛው! ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ስለሚገኝ ነው እንዲህ የተባለው። ላቲኖቹም ጄጁነም ብለው የሰየሙት በዚሁ ትርጉም ነው፤ ዛሬ አናቶሚ ክፍል ውስጥ ጄጁነም የምትሉት ይኸው ጾመኛ ነው። ሦስተኛው ቀጭኑና የተጠማዘዘው ነው። አራተኛው አዕወር፣ አንድ ዓይና፤ መግቢያውም መውጫውም አንድ አፍ ብቻ ስለሆነ። አምስተኛው ቁሉን፣ ስድስተኛው ሙስተቂም፣ ማለትም ቀጥ ያለው ነው። ሦስቱ ቀጫጭኖች፣ ሦስቱ ወፍራሞች ናቸው። የኛ መጻሕፍት ዛሬም ከዚህ ክፍፍል ብዙ አልራቁም።

ቀጭኑ አንጀት 6 ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ጣት መሳይ ፀጉሮች የለመውን ምግብ ይመጥጣሉ። የተመጠጠው፣ ከስቡ አብዛኛው ሲቀር፣ በደም ሥሮች ተሰብስቦ በአንድ ትልቅ ደም ሥር ወደ ጉበት ይገባል። ኢብን ሲና ይህን ደም ሥር አልባብ፣ በር፣ ይለዋል፤ ዛሬም ፖርታል ቬን ስንለው የበሩ ደም ሥር ማለታችን ነው። መንገዱን በትክክል አስቀምጦታል። በሩን አልፎ ምን እንደሚሆን ግን ተሳስቷል። ከይሉሱ ጉበት ውስጥ ዳግመኛ በስሎ ደም ይሆናል፣ አረፋው ሐሞት፣ ዝቃጩ ጥቁር ሐሞት ሆኖ ይወጣል ብሎ ያምን ነበር። ጉበት ግን ደም አያበስልም። የገባለትን ያጣራል፣ ያከማቻል፣ ስብን የሚበታትነውን ሐሞት ያመነጫል፤ የደም ሴሎች የሚሠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። የቆሽት ሥራ ደግሞ በዘመኑ ጭራሽ አልታወቀም ነበር። ጣፊያ ጥቁር ሐሞት ወደ ጨጓራ አፍ እየላከ ረኀብን ይቀሰቅሳል የሚለው አሳቡም ዛሬ ቦታ የለውም።

ስለ ረኀብ ካነሳን በረመዳን ከዐስር በኋላ ክፍል ውስጥ የሚያጉረመርመው ሆዳችንን እናስታውስ። ጨጓራና ቀጭን አንጀት ባዶ ሲሆኑ በየአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ገደማ ከላይ እስከ ታች የሚጠርግ ጠንካራ ሞገድ ይለቃሉ፤ የተረፈውን ቅሪትና ባክቴሪያ ወደ ታች ይገፋል። ምግብ ከገባ ሞገዱ ይቆማል። ጾመኛው አንጀት ባዶ ሆኖ መገኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሸምሱ-ድደውላ ዘመቻ ላይ ሳለ የሐኪሙን ምክር ስላልጠበቀ ቁርጠቱ አገረሸበት፤ ሌላም ሕመም ተጨመረበትና መንገድ ላይ ሞተ። ልጁ ወዚር ሁንልኝ ቢለው ኢብን ሲና እምቢ አለና አቡ ጋሊብ በተባለ መድኃኒት ሻጭ ቤት ተደበቀ። እዚያ ሆኖ ምንም መጽሐፍ ሳያይ በቀን ሃምሳ ገጽ እየጻፈ የአሽ-ሺፋእን ትልቅ ክፍል አጠናቀቀ። ነገር ግን ከኢስፋሃኑ ገዥ ከዐላኡ-ድደውላ ጋር በምስጢር ይጻጻፋል ተብሎ ተከሰሰ፤ ፈርደጃን በሚባል ምሽግ ታሰረ።

በምሽጉ አራት ወር ቆየ። ከጻፋቸው አንዱ ኪታቡል ቁለንጅ፣ የቁርጠት መጽሐፍ ነው። ይህን ሕመም ከሌሎች የሆድ ሕመሞች መለየት ለሐኪም ፈተና እንደሆነ በአልቃኑንም ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። በተለይ የቁለንጅን ሕመም ከኩላሊት ጠጠር ሕመም የለየበት መንገድ ዛሬም ይነበባል። የኩላሊት ሕመም ትንሽ ቦታ ይዞ እንደ እሾህ ይወጋል፣ ወደ ጀርባ ያደላል። የቁለንጅ ግን ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ከታች ከቀኝ ጀምሮ ወደ ላይና ወደ ግራ ይዘረጋል። ትልቁን አንጀት በሥዕል ያየ ሰው መንገዱን ይለየዋል፤ ከቀኝ ታች ይጀምራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሆድን አቋርጦ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከዚያ ይወርዳል።

ከእስር ከወጣ በኋላ ከወንድሙ፣ ከአልጁዝጃኒና ከሁለት አገልጋዮች ጋር የሱፊ ልብስ ለብሰው ከሐመዳን አምልጠው ኢስፋሃን ገቡ። ዐላኡ-ድደውላ በክብር ተቀበለው። የቀሩትን አሥራ ሦስት ዓመታት ያህል በአንጻራዊ ሰላም ኖረ፤ ምንም እንኳ የጋዝነው ጦር ከተማዋን ሲይዝ ንብረቱና መጻሕፍቱ ቢዘረፉም።

በአልቃኑን ውስጥ ስለ አመጋገብ የመከረው ብዙ ነው፦ የፊተኛው ሳይፈጭ ሌላ ምግብ አይከተል፣ ፍላጎት ሳያልቅ እጅ ከማዕድ ይነሳ፣ እንቅስቃሴ አይተው። ራሱ ግን አልኖረበትም። አልጁዝጃኒ በግልጽ እንደጻፈው መምህሩ በጥንካሬው ተማምኖ ሥጋዊ ፍላጎቱን አይቆጣጠርም ነበር፤ ይህም ሰውነቱን አዳከመው።

ዐላኡ-ድደውላ ከጋዝነው ጦር አዛዥ ጋር በተዋጋበት ዓመት ኢብን ሲናን ቁለንጅ ያዘው። ጌታው ተሸንፎ ቢሸሽ ሕመምተኛ ሆኖ መከተል እንደማይችል ፈራ። ስለዚህ ቶሎ ለመዳን በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ፈሳሽ አንጀቱን አጠበ። አንጀቱ ቆሰለ። በዚህ ሁኔታ ሳለ መሸሹ አልቀረም፤ በመንገድ ላይም ከቁለንጅ ቀጥሎ የሚመጣ የሚጥል ሕመም ታየበት። አንጀቱ ውስጥ ያለው አየር እንዲወጣ በሚታጠብበት ፈሳሽ ላይ ሁለት ዳኒቅ የሰለሪ ዘር እንዲጨመር አዘዘ። የሚያክመው ሐኪም አምስት ዲርሃም ጨመረበት። አንድ ዲርሃም ስድስት ዳኒቅ ነው፤ የታዘዘው አሥራ አምስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አልጁዝጃኒ ሐኪሙ አውቆ ይሁን ተሳስቶ አላውቅም ይላል፤ በቦታው አልነበረምና። ቁስሉ ባሰ።

ሌላም አለ። ለሚጥለው ሕመም ይወስደው በነበረው ቅልቅል መድኃኒት ውስጥ አንድ አገልጋዩ ብዙ ኦፒየም ጨመረበት፤ አገልጋዮቹ ገንዘቡን ሰርቀውት ስለነበር ቢድን ይጠይቀናል ብለው ፈርተዋል። ኦፒየም የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ አንጀቱ በታሰረ ሰው ላይ ይህ ምን እንደሆነ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

በቃሬዛ ተሸክመው ኢስፋሃን መለሱት። ራሱን አክሞ ለመሄድ እስኪችል ደረሰ፤ ግን ሳይጠነቀቅ፣ ሙሉ በሙሉም ሳይድን ቀረ። ሕመሙ እየተሻለው እየመለሰበት ሳለ ዐላኡ-ድደውላ ወደ ሐመዳን ሲሄድ አብሮ ተነሳ፤ መንገድ ላይ አገረሸበት። ሐመዳን ሲደርስ ኃይሉ እንዳለቀ፣ ሕመሙን የሚገፋበት አቅም እንዳልቀረው አወቀ። ሰውነትን የሚያስተዳድረው ኃይል ከማስተዳደር ደክሟል ብሎ መድኃኒቱን ሁሉ አቆመ። ሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎች፣ ኢብን ኸሊካንም ከእነርሱ አንዱ ናቸው፣ በዚያ ጊዜ ተውበት አድርጎ፣ ያለውን ለድሆች ሰደቃ አውጥቶ፣ የበደላቸውን መልሶ፣ ባሪያዎቹን ነፃ ለቆ፣ በየሦስት ቀኑ ቁርኣን ያኸትም እንደነበር ይዘግባሉ። በ428 ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወር፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1037፣ በ58 ዓመት ዕድሜው ገደማ ሞተ፤ ሐመዳን ተቀበረ።

አልቃኑን በ12ኛው ክፍለ ዘመን በቶሌዶ በክሬሞናው ጄራርድ ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ ዓረብኛው እ.ኤ.አ. በ1593 ሮም ውስጥ ታተመ፤ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎችም እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተማሩበት። አልጁዝጃኒ መምህሩን ከቀበረ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ጨረሰ። ኢብን ሲና ለዐላኡ-ድደውላ በፋርስኛ የጻፈው መጽሐፍ የሒሳብ ክፍሉ ጎድሎ ስለነበር፣ ከመምህሩ የቀድሞ ጽሑፎች እየለቀመ ክፍሉን ሞላው።